ጁሪ፦ ውሸት የማያስፈልጋት ጽጌረዳ



በሠፈራችን በጊንጆ ጉዱሩ፣ አንድ ሐጂ ግቢ ውስጥ አሮጌ ጽጌረዳ አለች። ቀለሟ ጥቁር ቀይ፣ አበባዋ ድርብርብ፣ እሾኋ ብዙ ነው። ከሱብሒ ሶላት ስንመለስ ሽታዋ መንገድ ላይ ይቀበለናል። ሐጂ መካ ላይ በሰሙት ስም "ጁሪ" ይሏታል። ባለፈው ክረምት አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሰጡኝና "ይቺ እኮ ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላብ የተፈጠረች ናት" አሉኝ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ስለሆኑ ማረም ከበደኝ፤ ዝም አልኩ። ይህን ያጻፈኝ ያ ዝምታ ነው።

ይህ ወሬ በስልካችን ላይ ከአበባ ሥዕል ጋር በየጊዜው ይዞራል። የሐዲስ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። ኢማም አን-ነወዊ ትክክለኛ አይደለም ብለዋል፤ ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ደግሞ መውዱዕ፣ ማለትም የተቀጠፈ ነው ብለዋል። ረሒመሁሙላህ። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም መዋሸት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን፤ ዓላማው ፍቅር ቢሆንም ውሸቱ እውነት አይሆንም።

ደግሞስ ምን አጣንና? በሶሒሕ ሙስሊም ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ላብ በጠርሙስ እያጠራቀመች ከሽቶዋ ጋር ትቀላቅል እንደነበር ተዘግቧል። መልካም ሽታ ያለው ተክል የተሰጠው ሰው እንዳይመልሰው የሚመክረው ሐዲስም እዚያው አለ። እውነተኛው ዘገባ ከተቀጠፈው ይልቅ ልብ ይነካል።

የጽጌረዳም ታሪክ እንደዚሁ ነው። "ጁሪ" የሚለው ስም የመጣው በፋርስ ከነበረችው ጁር ከተማ ነው፤ ዛሬ ፊሩዛባድ ትባላለች። የጽጌረዳ ውሃዋ በዓለም የታወቀ ነበር። ኢብን ኸልዱን በጠቀሰው የግብር መዝገብ መሠረት በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ ከ813 እስከ 833) የፋርስ አውራጃ ለባግዳድ ከገንዘቡ ጋር 30,000 ጠርሙስ የጽጌረዳ ውሃ በየዓመቱ ይገብር ነበር።

እዚህ ላይ ሌላም የምናርመው ነገር አለ። "የጽጌረዳን ውሃ የፈለሰፈው ኢብን ሲና ነው" እያልን እንለጥፋለን። ኢብን ሲና የተወለደው እ.ኤ.አ በ980 ነው፤ የጁር ጠርሙሶች ባግዳድ ሲገቡ ገና 150 ዓመት ያህል ይቀረው ነበር። ከእርሱ በፊት አል-ኪንዲ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሽቶና አበባን አፍልቶ እንፋሎቱን ስለማጠራቀም መጽሐፍ ጽፏል። ኢብን ሲና ታላቅ ሐኪም ነው፤ በልብ መድኃኒቶች ድርሳኑ ስለ ጽጌረዳም ጽፏል። ክብሩ የሌላውን ሥራ እንድንጨምርለት አይፈልግም።

እ.ኤ.አ በ1187 ሶላሑዲን ቁድስን ሲያስመልስ የወንድሙ ልጅ ተቂዩዲን በብዙ ጭነት የጽጌረዳ ውሃ አስመጥቶ ቁባ አስ-ሰኽራን አጠበ። ዛሬም ካዕባ የሚታጠበው ከዘምዘም ጋር በተቀላቀለ የጽጌረዳ ውሃ ነው። የጣኢፍ አበባ የሚለቀመው ማለዳ፣ ፀሐይ ሽታውን ሳታተን ነው። ጣኢፍ እንደ ጅማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በእኛ ደጋ የሚበቅለው ነጩ ቀጋም ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመንና በሳዑዲ ተራሮች ይገኛል፤ እርሱም የጽጌረዳ ወገን ነው።

ታዲያ ሱቅ የምንገዛት ጽጌረዳ ለምን አትሸትም? በዝዋይና በሌሎች እርሻዎች የሚመረተው ለውጭ ገበያ ነው። የአበባ አዳቃዮች በዋናነት የመረጡት ረጅም ግንድ፣ መንገድ የሚችል ጥንካሬና የማይረግፍ አበባ ነው፤ ሽታው በዚያ መሐል ቀረ። ስለዚህ ሽታ ያላትን የምናገኘው ከአሮጌ ግቢዎች ነው። እነዚያ ግቢዎች ፈርሰው ፎቅ ሲሠራባቸው ቁጥቋጦዋም አብራ ትነቀላለች።

መትከሉ ከባድ አይደለም። እርሳስ የሚያህል ውፍረት፣ አንድ ስንዝር ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ክረምት ሲገባ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አንሡና ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ሥር እስኪይዝ ጥላ፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። የበሰበሰ የቡና ገለባ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። የጅማ ዝናብ ቅጠሏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያመጣል፤ አየር የሚያገኛት ቦታ ትከሏት፤ የታመመውን ቅጠል ልቀሙና አቃጥሉ። በዓመት አንዴ ብቻ የምታብብ ከሆነች አበባዋ ሳይረግፍ አትከርክሟት፤ የምታብበው በአሮጌው ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። "ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ያኔ ዝም ያልኩት ልክ አልነበረም" ብዬ የዑለማኦቹን ቃል ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገረው ኖሬአለሁ፤ አስተግፊሩላህ" አሉና መቀሱን አነሱ። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሰጡኝ፤ ይቺኛዋ ለመስጂዱ ግቢ ናት።

ወላሁ አዕለም።