በሚዛን አንድ፣ በውሃ አሥራ አምስት

ባሕር ዳር ዓሣ ሊገዛ የወጣ ሰው ምርጫው ሦስት ነው፦ ቆረሶ፣ አምባዛ ወይም ነጭ ዓሣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀላሉ ይለያሉ። ነጭ ዓሣ ተብሎ ሚዛን ላይ የሚወጣው ግን የ15 ዝርያዎች ድብልቅ ነው፤ አብዛኞቹም ከጣናና ከገባር ወንዞቹ ውጪ በዓለም ላይ የትም አይገኙም።

ጎን ለጎን ተደርድረው ላስተዋላቸው ሰው፣ ማን ምን እንደሚበላ አፉ ይናገራል። አንዱ ከንፈረ ወፍራም፣ አፍንጫው የተሳለ ነው፤ የሐይቁን ወለል እየጎረጎረ የነፍሳት እጭ ይለቅማል። ራሰ አጭሩ መሀል ሐይቅ ላይ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን የውሃ እንስሳትን እያጠለለ ይኖራል። ሌላው የውሃ ተክል ይግጣል። በጎርጎራ ስም የተሰየመው ደግሞ ቀንድ አውጣም ተክልም ይበላል። ከተቀሩት መካከል ትልልቅ አፍ ያላቸው ሌሎች ዓሦችን ያሳድዳሉ። አንዱ የሌላውን ማዕድ ብዙም ስለማይሻማ፣ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር በማያልፍ ሐይቅ ሁሉም ቦታ አግኝተዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው የአዳኞቹ ነገር ነው። ነጭ ዓሣ የካርፕ ዘመድ ነው፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጨጓራም የለውም፣ የሚያደቅቀው ጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት ለአደን የታጨ አይመስልም። ሆኖም ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ምክንያቱ ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ይገኛል። 40 ሜትር ያህል የሚዘቀዘቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ናይል ፐርች ያሉትን የታችኛው ዓባይ አዳኞች ወደ ላይ አላሳልፍ ስላለ፣ የአዳኙ ወንበር ባዶ ነበር። ወንበሩ የተያዘውም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው፦ ጣና በበረዶ ዘመን መጨረሻ ደርቆ እንደነበር ከወለሉ የተቆፈረው ደለል ያሳያል። እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዝግመተ ለውጥ ሒሳብ ይህ የትናንት ያህል ነው።

ለሳይንስ ዓሦቹን መጀመሪያ የመዘገባቸው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ። በ1902 ለንደን ላይ የዓሣ ተመራማሪው ቡሌንጀር፣ ደገን የተባለው ሰብሳቢ ካመጣለት ናሙና ሌሎች ዝርያዎችን ጨመረ። በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ዝርያ አደረጋቸው። እንደ ገበያው ሚዛን መሆኑ ነው። የለያቸው ከሆላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ናገልከርከና ሲቢንግ ናቸው፤ በ1994 ዓሦቹን የተረሳ የዝርያ መንጋ (በአንድ ቦታ ከአንድ ዘር የወጡ ዝርያዎች ስብስብ) ብለው አቀረቧቸው፣ በ2000 ደግሞ 15 ዝርያዎችን ዘረዘሩ። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ መንጋ ከጠፋ ወዲህ፣ በትልልቅ የካርፕ ዘመዶች በኩል የቀረው የጣናው ብቻ ነው።

ዓሦቹ ሐይቁን ሲከፋፈሉ ሰውም በአቅሙ ያደረገው ይህንኑ ነበር። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ለብዙ ዘመን ያጠመዱት በደንገል ታንኳ ነው። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ መሀል ሐይቁ ለነጭ ዓሣ ተትቶ ነበር። ይህን ጥበቃ ያወጀው ሕግ አልነበረም፣ ደንገሉ ራሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጡ። የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ሁለት የሆላንድ ድርጅቶች ባንድነት ያቋቋሙት ፕሮግራም ያመጣው ለውጥ ነው። በ1987 39 ቶን የነበረው ዓመታዊ ምርት በ1997 360 ቶን ደረሰ። ለልማት ሪፖርት ይህ የምስራች ነው፤ ለብዙ አጥማጅም እንጀራ ሆኗል።

ጉዳቱ የታየው ክረምት ላይ ነው። ከ15ቱ ሰባት ያህሉ እንቁላል የሚጥሉት በወንዝ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ባሉ ገባሮች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ጥልቀት በሌለው ፈጣን ውሃ ጠጠር ላይ ይጥላሉ። እዚህም ክፍፍል አለ፦ ጅረቱና ሳምንቱ እየተለያየ አንዱ ከሌላው አይደባለቅም። ግን ሁሉም የሚያልፉት በወንዞቹ አፍ ነው፤ መረቡም የሚዘረጋው እዚያው ነው። ላይኛው ጅረት ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ እየተወቀጠ ይበተናል፤ በውስጡ ያለው ሮቴኖን ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል፣ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ።

እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ክትትል ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ምርቱ በአጠቃላይ ነጭ ዓሣ እየተባለ ሲመዘገብ ግን የትኛው እየጠፋ እንደሆነ ከሒሳቡ አይታይም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጣ፤ ዩኔስኮም ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዘገበው። በእነዚያው ዓመታት እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳር ይዞ ነበር። በርብ ወንዝ የላይኛው ክፍል የመስኖ ግድብ ተሠርቷል፤ ከጉማራ ለግንባታ አሸዋ ይጫናል፣ እንቁላሉ የሚያርፍበት ጠጠርም አብሮ ይታፈሳል።