የመኪና ሰብዉፈርና አምፕሊፋየር ማጣጣም

የመኪና ሰብዉፈርና አምፕሊፋየር ማጣጣም ማለት ሁለቱ መሣሪያዎች ሳይጎዱ አብረው እንዲሠሩ በኃይልና በኦም የሚስማሙትን መርጦ ማገናኘት ነው። ሰብዉፈር ወፍራም ድምፆችን፣ በአብዛኛው ከ20 እስከ 100 ኸርዝ ያሉትን፣ የሚያሰማ ስፒከር ነው። አምፕሊፋየር ደግሞ ከሬዲዮው የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ያጎላል።

ኃይል

ኃይል በዋት ይለካል። በካርቶን ላይ በጉልህ የሚጻፈው «ማክሲመም» ዋት ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ስለሆነ ለማነጻጸር አያገለግልም። የሚነጻጸረው «አርኤምኤስ» የተባለው፣ መሣሪያው ያለማቋረጥ የሚችለው ኃይል ነው። 300 ዋት አርኤምኤስ ለሚችል ሰብዉፈር፣ በሰብዉፈሩ ኦም ላይ 300 ዋት አርኤምኤስ ገደማ የሚሰጥ አምፕሊፋየር ይስማማል።

አነስተኛ አምፕሊፋየር ሁልጊዜ ከአደጋ ነጻ አይደለም። ከአቅሙ በላይ ሲከፈት የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ኃይል ከተጻፈው እስከ እጥፍ ሊደርስና ኮይል የሚባለውን የሰብዉፈሩን ጥቅል ሽቦ ሊያቃጥል ይችላል።

ኦም

ኦም ሰብዉፈሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚገድብ ያመለክታል። 20 ቮልት በ4 ኦም ላይ 5 አምፔር አሳልፎ 100 ዋት ይሰጣል፤ በ2 ኦም ላይ ግን 10 አምፔርና 200 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ኦሙ አምፕሊፋየሩ ከሚፈቅደው በታች ከወረደ አምፕሊፋየሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ራሱን ያጠፋል ወይም ይቃጠላል።

አንዳንድ ሰብዉፈሮች ሁለት ኮይል አላቸው። እያንዳንዳቸው 4 ኦም ከሆኑ፣ በተከታታይ ሲገናኙ 8 ኦም፣ በትይዩ ሲገናኙ 2 ኦም ይሰጣሉ። የአገናኙ ዘዴ የሚመረጠው አምፕሊፋየሩ የሚችለው ዝቅተኛ ኦም ከታወቀ በኋላ ነው።

ባትሪ፣ ሽቦና ፊውዝ

480 ዋት የሚያወጣ፣ ከሚወስደው ኃይል 80 በመቶውን ወደ ሰብዉፈሩ የሚያደርስ አምፕሊፋየር ከመኪናው 600 ዋት ይወስዳል፤ ይህም በ12 ቮልት 50 አምፔር ነው። ቀጭን ሽቦ በዚህ መጠን ይግላል። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት፤ ሽቦው ተልጦ የመኪናውን አካል ቢነካ እሳት ሳይነሳ ፍሰቱን የሚያቋርጠው እሱ ነው። የፊውዙ አምፔር ሽቦው ከሚችለው መብለጥ የለበትም።