ከ511 የወጣው ሌላው ልጅ

ሰው ሲባልግብን «አሳዳጊ የበደለው» እንላለን። ስድብ ነው፤ ግን ልብ ካላችሁት ውስጡ ምርመራ አለ፦ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን ያሳደገው ሰው ነው። «ሞንስተር» የተባለውን ማንጋ ያነበበ ወይም አኒሜውን ያየ ሰው ስለ ገዳዩ ዮሃን ሲጠየቅ የሚመልሰውም ይህንኑ ነው። «ኪንደርሃይም 511 ነዋ እንደዚያ ያደረገው!» (ገና ያላያችሁት መጨረሻውን ስለምናገር እዚህ ጋ ብታቆሙ ይሻላል።)

ናኦኪ ኡራሳዋ ታሪኩን እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2001 በተከታታይ አሳተመው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ዱሰልዶርፍ የሚሠራ ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ ዶክተር ቴንማ፣ በ1986 ከንቲባውን ትቶ ጭንቅላቱን በጥይት የተመታ ልጅ ያድናል። ልጁ አድጎ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። ቴንማ ያለፈ ሕይወቱን ሲከታተል ምሥራቅ በርሊን የነበረ የሕፃናት ማሳደጊያ ላይ ይደርሳል። የልጆችን ስሜትና ትዝታ አጥፍቶ ወታደር ሊያደርጋቸው የሞከረ ቤት ነው።

511 ፈጠራ ነው። ቶርጋው ግን ፈጠራ አልነበረም። ምሥራቅ ጀርመን በዚህች ከተማ ከ1964 እስከ 1989 የታዳጊዎች ዝግ ማረሚያ ነበራት። ሌሎች ማሳደጊያዎች «አስቸገረን» ያሉት ልጅ የሚላከው እዚያ ነው። ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ከ4,000 በላይ ልጆች ያለ ምንም የፍርድ ቤት ውሳኔ ገብተውበታል። ልጁ እንደገባ ፀጉሩ ይቆረጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለብቻው ተቆልፎበት ያሳልፋል። የተዘጋው የበርሊን ግንብ በፈረሰበት ወር ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቤት ዮሃንን ያወጣል? ሐሳቡ ከኡራሳዋ በፊት የነበረ ነው። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ በ1944 በስርቆት ስለተያዙ 44 ልጆች ጥናት አወጣ። 14ቱን «ፍቅር አልባ» ብሎ መደባቸው፤ ቢወደዱም ቢወቀሱም የማይሞቃቸው የማይበርዳቸው። ከ14ቱ 12ቱ በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለይተው ነበር። ቁጥሩ ያስደነግጣል። እኔ ኮድ ጻፊ ነኝ፤ ባግ ሲገኝ ጥፋተኛዋን መስመር አግኝቼ ጣቴን ካልቀሰርኩባት እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ «12 ከ14» ሲባል ደስ ይለኛል።

ግን ራሱ ቦውልቢ በ1956 ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ጥናት አወጣ። አራት ዓመት ሳይሞላቸው የሳንባ ነቀርሳ ማገገሚያ ገብተው ከቤተሰብ የተለዩ 60 ልጆችን ሲከታተሉ፣ አብዛኞቹ ፍቅር አልባ ሆነው አልተገኙም። ቀድሞ የተባለው የተጋነነ እንደነበር አመነ። ይህኛው ጥናት እንደ መጀመሪያው አልገነነም፤ ለፊልም አይመችማ! የቶርጋው ልጆችም 4,000 ዮሃን አልሆኑም። አድገው ስማቸው እንዲጸዳ ተሟገቱ፤ በ2004 የበርሊን ፍርድ ቤት ወደዚያ መላካቸው ሕገ ወጥ እንደነበር ወሰነ። ከማሳደጊያ የወጣን ሰው ሁሉ በዮሃን ዓይን ስናይ የምንበድለው እነሱን ነው።

ኡራሳዋም ሲጨርስ የሰጠንን መልስ ይነጥቀናል። ዮሃን 511 ሲገባ ቀድሞውኑ ዮሃን ነበር፤ ያፈረሰውም እሱ ነው፤ ልጆቹንና ሠራተኞቹን እርስ በርስ አጫርሶ። እንደ ራሱ የሚያስታውሰው የልጅነት ሰቆቃም መንትያ እህቱ ያየችውና የነገረችው ሆኖ ይገኛል። የቀረው የራሱ ጥያቄ አንድ ነው፦ ከመንትዮቹ አንዱን እንድትሰጥ የተገደደችው እናቱ ያመነታችው እሱን ልታስቀር ነው ወይስ ከእህቱ ጋር ተምታታባት? ቴንማን ይጠይቀዋል። ቴንማ መልስ የለውም።

511 ያሳደገው ሌላ ሰው አለ፤ ግሪመር። አኒሜውን በጨረስኩ ቁጥር የማስበው ስለ እሱ ነው። እሱም ስሜቱ ተነቅሏል። ፈገግታን ተለማምዶ ነው ያገኘው፤ መቼ እንደሚሳቅ ሰው እያየ ይማራል። ልጁ ሲሞትበት ማልቀስ አቃተው። ያ ሁሉ እያለ ሰው መርዳት አልተወም፤ ውስጡ ባይሰማውም ያደርገዋል። ሩሄንሃይም በምትባል ትንሽ ከተማ የማያውቃቸውን ሰዎች ለማዳን ወጥቶ በጥይት ተመታ። መንገድ ላይ ወድቆ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ስለ ልጁ አዘነ።