እሳቱን ማን ይለኩስ?

ስሙኝማ! ነገሩ የሆነው ቻይና ውስጥ ነው፤ በቾንግቺንግ፣ ያኔ ካይሺያን ይባል በነበረ ወረዳ። ተራራ በተራራ ላይ የተደራረበበት፣ ገበሬው በየሸለቆው ቤቱን የሠራበት አገር ነው። ጋዎቺያኦ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ እዚያው መንደሮቹ መሀል፣ የተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሉኦጂያ 16 ኤች ይሉታል።

ቀኑ ታኅሣሥ 13፣ ዘመኑ 1996 ዓ.ም. ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ መንደሩ ተኝቷል፤ ቆፋሪዎቹ ግን ሥራ ላይ ናቸው። የመሰርሰሪያውን ቧንቧ ከመሬት ሆድ እየመዘዙ ያወጣሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጋዙን ከታች ረግጦ የሚይዘው ጉድጓዱን የሞላው ከባድ የቁፋሮ ጭቃ ነው። ቧንቧ በወጣ ቁጥር ጭቃው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ እየመዘዙ መሙላት ግድ ነው። ያን ምሽት በወጉ አልተሞላም። ቧንቧው ውስጥ ሽቅብ የሚመጣውን የሚያግድ ቫልቭ መኖር ነበረበት፤ እሱም አስቀድሞ ተነሥቷል። አንዱ ቢስት ሌላው ይይዛል የተባለው ሁሉ ባንድ ሌሊት ተጓደለ። ጉድጓዱ ገነፈለ።

የወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የበዛበት ነበር። እናንተዬ፣ ይህ መርዝ ተንኮለኛ ነው! ጥቂት ሲሆን የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው የጠፋበት ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ከአየር ስለሚከብድም ሰማይ ሰማይ አይልም፤ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ሕፃን አዛውንቱ ተኝቷል። ከደጁ የሚቆፈረው ምን እንደሆነ፣ ቢያመልጥ በየት በኩል እንደሚሸሽ ቀድሞ ያስተማረው አልነበረም። አንዱ ከነእንቅልፉ ቀረ፤ ሌላው በጨለማ ሲሮጥ መንገድ ላይ ወደቀ። ከብቱም ዶሮውም አለቀ።

መድኃኒቱ ምን ነበር ብትሉ፣ እሳት! ጋዙ ከተቃጠለ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እሱም መርዝ ነው፤ ግን ገዳይነቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ በሙቀቱም ወደ ላይ ይነሣል። ታዲያ ማን ይለኩስ? ስንት ገንዘብ የፈሰሰበትን ጉድጓድ አቃጥሉት ብሎ የሚደፍር ማን ነው? ሌሊቱ አለፈ፣ ትእዛዝ የለም። ነጋ፣ የለም። ረፈደ፣ የለም። እሳቱ የተለኮሰው በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። አስቡት፤ 18 ሰዓት!

243 ሰው ሞተ። ከ60,000 በላይ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ጉድጓዱ የተደፈነው ታኅሣሥ 17 ነው። በሚያዝያ የጉድጓዱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ የበላይ ኃላፊ ማ ፉትሳይ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ቆይቶም 6 ሰዎች ጥፋተኛ ተብለው ታሰሩ። ቻይና በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2008፣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ከቁጥጥር ሲወጣ መቼ እሳት እንደሚለኮስበት የሚወስን መስፈርት አወጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቢሆንም ጩኸቱ ለሚቀጥለው ጅብ ይጠቅማል።

ቫልቩና ጭቃው የአደጋ ዕቅድ ግማሽ ናቸው። ሌላው ግማሽ የሰው ነው፦ ጎረቤቱን ማን ይቀሰቅሳል? በየት ያወጣዋል? እሳት ልቀቁ የሚለው ማን ነው? ሰው በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ስለ ገንዘብና ስለ ተጠያቂነት ማሰቡ አይቀርም፤ ስለዚህ ከባዱ ውሳኔ ማለቅ ያለበት በሰላሙ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ጋዝ የሚወጣበት ወይም የሚከማችበት ስፍራ የደረሰ ሰው የዕቅዱን መዝገብ ውፍረት አይይ። የሌሊት ተረኛውን ይጠይቅ፦ «አለቃህ ስልክ ባያነሣ አንተ ምን ታደርጋለህ?» ልጁ ሳያመነታ ከመለሰ፣ ዕቅድ አለ። «ልጠይቅልህ» ካለ ግን፣ ገና አልታቀደም።