የተጠላ ትምህርት የሚረታው በቃል ነው ወይስ በሰይፍ?

በምዕራብ ጎጃም፥ በሰከላ አገር፥ ግሽ ዓባይ በሚባለው ስፍራ ታላቁ ወንዝ እንደ ትንሽ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ታሪክ እንደሚተርከው፥ ጻድቁ በታሰሩ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጡ፤ በተፈቱም ጊዜ አንዳች ሳይጠፋባቸው ተቀበሉ። ሰውን ማሰር ቀላል ነው፤ የያዘውን ቃል ማጥፋት ግን እንዲሁ ቀላል አይደለም።

በዚሁ ምንጭ አጠገብ በ1610 ዓ.ም. አንድ እንግዳ ቆሞ ነበር። ይኸውም የእስፓንያ ተወላጅ የሆነው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ጴድሮ ጳኤዝ ነው። ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋራ መጥቶ ምንጩን አየ፤ ያየውንም በፖርቱጊዝ ቋንቋ በደረሰው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ጻፈ። ጳኤዝ በ1595 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ጦር ይዞ አይደለም። የአገሩን ቋንቋ ተምሮ በነገሥታት ፊት ከሊቃውንት ጋራ ተከራከረ። በክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለ ማለቱ ለተዋሕዶ ልጆች እጅግ የሚያስቈጣ ነገር ነበረ፤ ሊቃውንቱ ግን መጽሐፍ ገልጠው መለሱለት። ከካቶሊኮች ጋራ ከተደረገው ከዚህ ክርክር የተነሣ እንደ መዝገበ ሃይማኖትና እንደ ሰዋነ ነፍስ ያሉ ድርሳናት ለትውልድ ተርፈዋል። እንግዲህ የተጠላው ትምህርት ሳይወድ የአገሩን ሊቃውንት አተጋ ማለት ነው።

ነገሩ ግን በቃል አልቀረም። በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከዮልዮስ ጋራ በንጉሡ ላይ ተነሥተው ሁለቱም በጦርነት ሞቱ። ከጥቂት ዓመትም በኋላ ቀዳሚት ሰንበት እንዳትከበር በዐዋጅ በተነገረ ጊዜ የዳሞት መነኮሳትና ባላገሮች ዐመፁ፤ የንጉሡ ወንድም ራስ ስዕለ ክርስቶስም በጦር መታቸው። በ1614 ዓ.ም. ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ፤ ጳኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። በእርሱ ፈንታ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ እንደ ጳኤዝ ታጋሽ አልነበረም። በ1618 ዓ.ም. ንጉሡ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት ታዛዥነታቸውን በመሐላ ካረጋገጡ በኋላ፥ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፥ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፥ አብያተ ክርስቲያናትም እንደገና ይባረኩ ተባለ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሙግት ሳይሆን ጦርነት ብቻ ሆነ።

በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ በወይና ደጋ የላስታን ዐመፀኞች ድል አደረጉ። ነገር ግን በሜዳው የወደቁት ብዙ ሺሕ ሬሳዎች የገዛ ወገኖቻቸው ክርስቲያኖች ነበሩና ድሉ ደስታ አልሆነላቸውም። ስለዚህ የአባቶቹን ሃይማኖት ለሕዝቡ የሚመልስ ዐዋጅ አስነገሩ። ራሳቸው ግን በያዙት እምነት ጸንተው በ1625 ዓ.ም. ዐረፉ። አንባቢ ይህን ያስተውል፤ ንጉሡ የተዉት እምነታቸውን ሳይሆን ማስገደዱን ነው። ማመንና ማስገደድ የተለያዩ መሆናቸውን በብዙ ደም ዋጋ ተማሩት።

ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ያን ያህል ደም የፈሰሰበትን ሰልፍ ላየ ንጉሥ ይህ ሥራ የሚያስገርም አይደለም። ዳሩ ግን በ1630 ዓ.ም. ጦር ሳያስከትሉ የመጡ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በጎንደር ተሰቀሉ። ይህስ ምን ጠቀመ? ቤተ ክርስቲያናቸው እስከ ዛሬ ሰማዕታት ብላ ታከብራቸዋለች። ጥያቄውም ከሰዎቹ ጋራ አልተሰደደም። ስለ ክርስቶስ መቀባት የተነሣው ሙግት ቅባትና ተዋሕዶ ተብሎ ጎጃምን ከሌላው አገር አለያየ፤ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ፊት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪሸነገል ድረስም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆየ።

በእርግጥ ሰይፍ የሚያነሣን ሰው በሕግና በኀይል መከልከል የመንግሥት ግዴታ ነው፤ እጅን የሚያስቈም እጅ ነውና። ቃልን ግን የሚረታው ቃል ነው። ገማልያል ሐዋርያትን ሊገድሉ ለተነሡት ሸንጎ የሰጠው ምክርም ይህንኑ የመሰለ ነው፤ ነገሩ ከሰው ከሆነ በራሱ እንደሚጠፋ፥ ከእግዚአብሔር ከሆነ ግን ማንም ሊያጠፋው እንደማይችል አስታወሳቸው። የሚጠላውን ትምህርት ሰምቶ መልስ መስጠት የሚችል ሕዝብ ሃይማኖቱ የጸና ነው፤ አፍ በመዝጋት ብቻ የሚኖር ግን መልስ እንደሌለው በገዛ እጁ ይመሰክራል።