የበረኛዋ ተራ

ስሙኝማ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት በረኛ ነው።

ስሟ ፋለን ቱሊስ ጆይስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተወለደች፣ በኒውዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ ላይ ሾርሃም በምትባል የባሕር ዳር መንደር ያደገች ልጅ ናት። ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ ባሕር ይወዳል፤ እሷ ግን ትምህርቷም አደረገችው። ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የባሕር ሥነ ሕይወት አጠናች። ጓንቷን ስታወልቅ የአየር ሲሊንደር በጀርባዋ አዝላ ትጠልቃለች፤ ከውኃ ስትወጣ ደግሞ ተመልሳ ግብ ትጠብቃለች።

ኮሌጅ ሲያልቅ ብዙዎች ጫማ ይሰቅላሉ። ፋለን በ2019 ውቅያኖሱን ተሻግራ ፈረንሳይ ገባች፤ ገና ወደ ከፍተኛው ሊግ ላደገው ለሬምስ ክለብ ፈረመች። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በረኛ ዝም ብላ አትጫወትም። «ልቀቂው!» «የኔ ነው!» «ከኋላሽ!» እያለች ዘጠና ደቂቃ ትጮኻለች። ይህን ሁሉ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ለሚግባቡ ተከላካዮች ማድረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት!

በ2021 አገሯ ተመልሳ ኦኤል ሬይን የተባለውን ክለብ ተቀላቀለች፤ በ2022 ቡድኑ የመደበኛውን የውድድር ዘመን በአንደኝነት ሲጨርስ ግቡን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ከዚያ በ2023 መስከረም ማንቸስተር ዩናይትድ ወሰዳት።

ወሰዳትና ወንበር ላይ አስቀመጣት። በዩናይትድ ግብ ፊት የቆመችው ሜሪ ኤርፕስ ነበረቻ! በዚያው ክረምት የዓለም ዋንጫን የምርጥ በረኛ ሽልማት፣ ወርቃማ ጓንቱን ያጠለቀችው ኤርፕስ። አጥቂ ተጠባባቂ ብትሆን በሰባኛው ደቂቃ ተቀይራ ትገባለች፤ የበረኛ ቦታ ግን አንድ ነው፣ ያለ ጉዳት ወይም ያለ ቀይ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ አይለቀቅም። ተጠባባቂዋ ሰውነቷን ታሟሙቃለች፣ ለቋሚዋ ኳስ እየመታች ታለማምዳታለች፣ ፊሽካው ሲነፋ ተመልሳ ትቀመጣለች። በ2024 ግንቦት ዩናይትድ በዌምብሌይ ቶተንሃምን 4 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን የሴቶች ኤፍኤ ካፕ ሲያነሳ በግቡ መሐል የነበረችው ኤርፕስ ናት። እኔ በበኩሌ የፋለንን ጥንካሬ ከማንኛውም ካዳነችው ኳስ ይልቅ በዚህ ዓመት አየዋለሁ፤ ብዙም ሳይጫወቱ ዝግጁ ሆኖ መክረም እንዴት ያለ ሥራ ነው!

ያን ክረምት ኤርፕስ ወደ ፓሪስ ሄደች። ግቡ የፋለን ሆነ። 22 ጨዋታ ባለው የእንግሊዝ ሱፐር ሊግ በ13ቱ መረቧን ሳታስደፍር ወጣች።

ገና ወቅቱ ሳያልቅ ብቃቷን ያዩት የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ኤማ ሄይስም ጠሯት። የብሔራዊ ቡድኑ የረጅም ዘመን በረኛ አሊሳ ኔየር በ2024 መጨረሻ ተሰናብታ ቦታው ክፍት ነበር። ሚያዝያ 5 ቀን 2025፣ ካሊፎርኒያ፣ ተጋጣሚዋ ብራዚል። በአምስተኛው ደቂቃ ትሪኒቲ ሮድማን አገባች፤ በሁለተኛው አጋማሽ ሊንዚ ሂፕስ ደገመች። ፋለን በ28 ዓመቷ ለአገሯ የመጀመሪያ ጨዋታዋን አድርጋ፣ አንድም ሳይገባባት 2 ለ 0 አሸንፋ ወጣች።

በዚያው ወቅት ማብቂያ ዩናይትድ ሦስተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ ብዙ ጊዜ መረቧን ላላስደፈረች በረኛ የሚሰጠውን የሊጉን ወርቃማ ጓንት ከቼልሲዋ ሃና ሃምፕተን ጋር እኩል ተጋራች። ከሁለት ዓመት በፊት ያንኑ ጓንት ለዚያው ክለብ ያመጣችው ሜሪ ኤርፕስ ነበረች።