ከባሕር ጠረፍ ምድጃ የወጣ የከሰለ ሥር
ክላሲስ ሪቨር ዋሻዎች፣ ምሥራቃዊ ኬፕ፣ ደቡብ አፍሪካ፤ ከ120,000 ዓመት በፊት ገደማ

ይህች ጥቁር ፍርፋሪ ተራ የእንጨት ከሰል ትመስላለች። በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት ግን እንጨት እንዳልሆነች ይታወቃል፤ ግድግዳቸው ስስ የሆነ ሕዋሳት ተደርድረውባታል፣ ተክል ስታርች የሚያከማችበት ሥጋ ነው። ሰው ቆፍሮ ያወጣው፣ ረመጥ ውስጥ የቀበረውና ሳይበላው ያረረበት ሥር ወይም ኮረት ናት።

በዋሻዎቹ የተገኙት ምድጃዎች ትንንሽ ናቸው፤ ወርዳቸው 30 ሴንቲሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ተኩል ገደማ። ድንች በረመጥ ጠብሶ የበላ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይረዳዋል። አርኪዮሎጂስቱ ሂላሪ ዲከን እነዚህ ምድጃዎች ሥራሥር ይበስልባቸው እንደነበር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ገምቶ ነበር። ማስረጃው ታትሞ የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ65,000 ዓመት በፊት የነደዱ ምድጃዎችም ተመሳሳይ ቅሪት ይዘው ተገኝተዋል።

ከዋሻዎቹ የዛጎል ቁልልና የፔንግዊን አጥንትም ወጥቷል። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ አደኑና ስለ ባሕሩ ሲሳይ ነው፤ እኛ ግን ይህችን ፍርፋሪ ከፊት አስቀድመናል። ሥጋና ባለዛጎል የባሕር እንስሳት ፕሮቲን ይሰጣሉ፣ ጉልበት የሚሆነውን ስታርች የሰጠው ግን መሬቱ ነው። ከዋሻው ጀርባ ያለው ፊንቦስ የሚባለው ቁጥቋጦ በኮረታም ተክሎች የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ሰደድ እሳት ካለፈ በኋላ አብዝተው ያብባሉ፤ አበባውን ያየ፣ ኮረቱ የት እንዳለ ያውቃል።